ከእኔ በፊት ማን ነበር? ስለ ንቅሳትና በደም ስለሚተላለፉ በሽታዎች የተደረገ ንግግር

(ይህ ጽሑፍ ሐምሌ 21 ቀን በደብረ ብርሃን ከተማ ለተሰበሰቡ እናቶች፣ የውበት ሳሎንና የፀጉር ቤት ባለሙያዎች እንዲሁም ወጣቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት የተደጋገሙ ቃላትን ከማረም በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የውበት ሳሎንና የፀጉር ቤት ባለሙያዎች፣ ውድ ወጣቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? ይህን የሐምሌ ዝናብና ጭቃ፣ በዚያ ላይ የከተማችንን ብርድ ችላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከጫጫና ከጣርማ በር ድረስ በማለዳ ተነሥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መካከል ንቅሳት ያለበት ሰው እስኪ እጁን ያውጣ። ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ወጣቶች አየሁ። እናቶቼ፣ የድድ ንቅሳትም እኮ ይቆጠራል! የአንገትም፣ የግንባር መስቀልም ይቆጠራል። አሁን አዳራሹ በእጅ ሞላ። የእኔም እጅ ከእናንተ ጋር ወጥቷል፤ ድዴ የተነቀሰ ነው፣ ስስቅ ታዩታላችሁ።

የዛሬዋ ቀን፣ ሐምሌ 21፣ የዓለም የጉበት በሽታ ቀን ተብላ የምትታሰበው በምክንያት ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘውና በ1976 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ባሩክ ብለምበርግ የተወለደው በዚህች ቀን ነው። እኔ በሙያዬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ የምውለው ከደም ጋር ነው። ስለዚህ ንቅሳት ያምራል ወይም አያምርም፣ ኃጢአት ነው ወይም አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትቼ፣ እኔ የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ። ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ አንደኛ መርፌው ሰውነታችን ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ሁለተኛ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ምን እንደሚሻገር፣ ሦስተኛ ደግሞ ምን ማድረግ እንደምንችል። ሁለተኛው ላይ እንደምረዝም ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፤ ታገሡኝ።

አንደኛው ነገር ይኸውና። ንቅሳት ቀለም መቀባት አይደለም፤ ቆዳን ወግቶ ቀለሙን ከሥር መቅበር ነው። የላይኛው የቆዳችን ንጣፍ በየጊዜው እየሞተ የሚራገፍ በመሆኑ፣ ቀለሙ እዚያ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ተጠርጎ በጠፋ ነበር። መርፌው ያንን ንጣፍ አልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ድረስ ወርዶ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮች የተዘረጉበትን ሁለተኛውን ንጣፍ ማግኘት አለበት። እዚያ ሲደርስ የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን አይችሉም፣ ስለዚህ እንደዋጡት እዚያው ይቀመጣሉ። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ደም ያለበት ቦታ ያልደረሰ ንቅሳት ንቅሳት አይሆንም። ደም ሳይነካ የሚነቅስ ነቃሽ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ኦራይሊ በተባለ ነቃሽ ስም የፈጠራ መብት የተመዘገበለት ሲሆን፣ መነሻውም ቶማስ ኤዲሰን ለጽሑፍ ማባዣ የሠራው የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። ይህ ማሽን በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ ሊወጋ ይችላል። እኛ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ነርስ የታካሚ ደም የነካ መርፌ አንድ ጊዜ ቢወጋት፣ ያን ቀን ሥራዋን ትታ ትመረመራለች፣ መድኃኒት ይታዘዝላታል፣ ለወራት ክትትል ይደረግላታል። አንድ ጊዜ ስለተወጋች ነው ይህ ሁሉ። መዳፍ የምታህል ንቅሳት ስንት ሺህ ጊዜ እንደምትወጋ እናንተው አስሉት።

እዚህ ላይ ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በ1985 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የታላቅ እኅቴ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰባት ልጃገረዶች አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ሙሽራዋ ብቻዋን ከምትነቀስ ሚዜዎቿና እኛ ታናናሾቿም አብረን ብንነቀስ ያምራል ተብሎ ነበር። ነቃሿ በአካባቢው የታወቁ፣ እጃቸው አያሳምምም የሚባልላቸው እናት ነበሩ፤ የሚከፈላቸውም በገብስ ነበር። ሦስት መርፌ በጥቁር ክር አንድ ላይ አስረዋል። በሲኒ የተበጠበጠ የኩራዝ ጥላሸት ከጎናቸው ተቀምጧል። አክስቴ ራሴን በሁለት ጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ነቃሿ የላይ ከንፈሬን በአውራ ጣታቸው ገልብጠው፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ያደርጉ ጀመር። ጥላሸቱን በጣታቸው እየነከሩ ድዴን ያሹታል፣ ደግመው ይወጋሉ። አመድ የተነሰነሰበት ገል ቀርቦልኝ ነበርና ደሙን እዚያ ላይ ተፋሁ።

ሲጨርሱ መርፌውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ቀጣይዋን «ነይ አንቺ» አሏት። ያ ነጠላ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ንጹሕ ነጭ ነጠላ ነበር፣ ለበዓል የሚለበስ ዓይነት፤ ጫፉ ላይ ግን ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለበት ነጠብጣብ ተደርድሯል። እኔ አምስተኛዋ ነበርኩ። ተራዬ እስኪደርስ በፍርሃት ያንን ነጠብጣብ ስቆጥር ቆይቻለሁ፤ አራት ነበር። ያኔ የፈራሁት ሕመሙን ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት የአራቱ ልጆች ደም ወደ እኔ እየመጣ ነው ብሎ ማሰብ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀርቶ፣ በዚያ ቤት ለነበረ ለአንድም አዋቂ አይታሰበውም ነበር። ማንንም አልወቅስም፤ እኒያ እናት ደግ ሰው ነበሩ፣ ሲጨርሱ ግንባሬን ስመው መርቀውኛል። ለሦስት ቀን ቀዝቃዛ አጥሚት እየጠጣሁ ከረምኩና ለሠርጉ ደረስኩ።

አያቴ ደግሞ አንገታቸው ዙሪያውን በሦስት ረድፍ ተነቅሰው ነበር። ጌጥ ይመስለኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቃቸው ግን «የእንቅርት መድኃኒት ነው ልጄ» አሉኝ። እንቅርት የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም አዮዲን ያለው ጨው እንደሆነ ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ያኔ ግን ሰዉ ባለው ነገር ነው የታገለው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባል የለ? በእነ አያቴ ጊዜ በእንቅርት ላይ የመጣው ጉበት ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልግባ። በደም የሚተላለፍ በሽታ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ኤች አይ ቪ ነው። ተገቢም ነው፤ ብዙ ወገን አጥተንበታል። ነገር ግን በአንድ መርፌ ወይም በአንድ ምላጭ የሚሻገሩት ሦስት ናቸው፤ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጉበትን የሚያጠቁ ናቸው። የእነዚህን አቅም ለማነጻጸር በጤና ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ልንገራችሁ። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደም የነካው መርፌ ቢወጋችሁ፣ ከ1,000 ሰው 3 ያህሉን ይይዛል። ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ከ100 ሰው 2 ያህሉን። ሄፓታይተስ ቢ ሲሆን ግን፣ ያልተከተበ ሰው ላይ፣ ከ100 ሰው እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። እደግመዋለሁ፤ ከመቶ እስከ ሠላሳ። እርግጥ የሆስፒታል መርፌ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ደም ይሸከማል፣ የንቅሳት መርፌ ግን ድፍን ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድም። በሌላ በኩል ግን የንቅሳት መርፌ የሚወጋው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሌላም ልዩነት አለ። ኤች አይ ቪ ከሰውነት ውጭ አቅሙ ቶሎ ይደክማል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ደሙ ደርቆ ቅርፊት ከሆነ በኋላም፣ በጠረጴዛ ላይ ወይም በምላጭ ላይ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል። ሰባት ቀን! ቅዳሜ የተሠራበት መርፌ በሚቀጥለው ዓርብ ደርቆና ንጹሕ መስሎ ተቀምጦ፣ ቫይረሱ ግን አለ።

እነዚህ የጉበት ቫይረሶች ድምፅ የላቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ቢን፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ሄፓታይተስ ሲን ይዘው ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው አያውቁም። ዓይን ቢጫ ሲሆን እኛ «ወፍ ነው» እንላለን፣ የወፍ መድኃኒት ወደሚሰጥ አዋቂ እንሄዳለን፣ ቅጠሉ ተጨምቆ ይጠጣል። ቢጫው በራሱ ጊዜ ሲለቅ መድኃኒቱ ተመሰገነ ማለት ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ሄፓታይተስ ቢ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚለቅ በሽታ ነው፤ በአዋቂነት ከተያዙት ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ያጸዱታል። ገና ሲወለዱ የሚያዙት ሕፃናት ግን ከ100 ሕፃናት 90 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ፤ ከእነዚህም መካከል ነው ሃያና ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የጉበት መጠንከርና የጉበት ካንሰር የሚመጣባቸው።

ይህን የምነግራችሁ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የላቦራቶሪ ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ እርስ በርሳችን ደም እንቀዳ ነበር። አንድ ቀን የሄፓታይተስ ቢ መመርመሪያ ደረሰንና የጓደኛዬ ናሙና አንድ መስመር፣ የእኔ ደግሞ ሁለት መስመር አወጣ። ሁለት መስመር ማለት ቫይረሱ አለ ማለት ነው። መምህራችን መመርመሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብለው በሌላ ደገሙት። ያው ሁለት መስመር። እንግዲህ ያን ቀን ማታ የትምህርት ቤቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ተጋድሜ ወደ ኋላ ስቆጥር፣ የመጣልኝ ያ ነጠላ ነው።

ታዲያ ከንቅሳቱ ነው የያዘኝ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በእውነት ልንገራችሁ፤ ከንቅሳቱ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። ከእናቴ በወሊድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ እናቴ ሳትመረመር ነው ያረፈችው። በሕፃንነቴ እንጥሌ ተቆርጧል፣ ግግ ተብሎ ድዴ ተቆፍሯል፣ ሲያመኝም ዋግምት ተደርጎልኛል። በሁሉም ላይ ምላጭ ወይም ስለት ነበረ፤ በሁሉም ላይ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነበረ። እኔ ማወቅ የምችለው ይህን ብቻ ነው። ከሠርጉ ሴቶች አንዷም እንደ እኔ መያዟን በኋላ አውቄያለሁ፤ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ግን የትኛውም መሣሪያ ዛሬ ሊነግረን አይችልም።

እኔ በየስድስት ወሩ ጉበቴን እየታየሁ፣ መድኃኒት ሳያስፈልገኝ፣ ሥራዬን እየሠራሁ እኖራለሁ። ሁለቱ ልጆቼ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ተከትበው ዛሬ ነጻ ናቸው፤ ባለቤቴም ተከትቧል። በአንድ ትሪ እንበላለን፣ ጉርሻ እንሰጣጣለን፤ ይህ በምግብና በሰላምታ አይተላለፍም። ቤት ውስጥ ለብቻው የተቀመጠ የእኔ ነገር ቢኖር የጥርስ ብሩሼና የጥፍር መቁረጫዬ ብቻ ነው። አንዳንዶች ይህን በአደባባይ በመናገሬ ይገረማሉ። ዝም ብል ኖሮ ከእናንተ መካከል ማን ይመረመር ነበር?

አሁን ወደ ዘመኑ ንቅሳት ልምጣ፤ ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እኛ ጋ መጣ። ክንዱ ላይ አንበሳ ተነቅሷል፣ መቼም ሥዕሉ የሚያምር ነው። ከሦስት ወር በፊት አራት ጓደኛሞች ሆነው በኢንተርኔት በታዘዘ ማሽን፣ ኪራይ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት ተነቅሰዋል። ምርመራው ሄፓታይተስ ቢ አለ አለ። ልጁ ግን በእናቱ ማለ፤ «መርፌውን ለእያንዳንዳችን ቀይረናል፣ ማሸጊያው ፊታችን ነው የተከፈተው» አለኝ። አመንኩት፤ የሚዋሽ ልጅ አልነበረም። ከዚያ ግን «ቀለሙስ?» አልኩት። ዝም አለ። «ቀለሙን በምን ነበር የያዛችሁት?» ስለው፣ በአንድ የውኃ ኮዳ ክዳን መሆኑን ነገረኝ፤ ለአራቱም አንድ ክዳን። ልጁ በስድስት ወሩ ጸድቶለታል። የሌሎቹን ውጤት አልናገርም፣ የእነሱ ነው።

ይቺን ሲኒ እዩልኝ። ንጹሕ ውኃ ነው ያለባት። ይህ ደግሞ ቀይ ቀለም ነው፤ መርፌው ሰውን ወግቶ ተመልሶ ሲነከር ምን እንደሚሆን አንዲት ጠብታ ልጨምር። ታያላችሁ፣ ይሰራጫል። አሁን መርፌውን ጥዬ አዲስ መርፌ ልክፈት። ይኸው፣ አዲስ ነው፣ ማንንም አልነካም። ነከርኩት። አሁን ይህ መርፌ አዲስ ነው ትላላችሁ? ነቃሿ እናት በ1985 ዓ.ም. ያቀረቡት የጥላሸት ሲኒ፣ የዚህ ልጅ የኮዳ ክዳንና በአንዳንድ ሳሎን ለቅንድብ ንቅሳት የሚያገለግለው የቀለም ጠርሙስ አንድ ናቸው። መርፌ መቀየሩን ተምረናል፣ ኤች አይ ቪ አስተምሮናል። ቀለሙን ግን ገና አልተማርንም። የሳሎን ባለሙያዎች፣ እለምናችኋለሁ፤ ለእያንዳንዷ ደንበኛ ቀለሙ በትንሽ አዲስ ክዳን ይቀዳ፣ የተረፈውም ወደ ጠርሙሱ አይመለስ፣ ይደፋ።

ሦስተኛው ነገር፣ ምን እናድርግ የሚለው ነው። መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ። አረቄ አይሠራም! የደብረ ብርሃን አረቄ በአገሩ የታወቀ ነው፣ አላማውም፤ ነገር ግን መርፌ በአረቄ ነክሮ ማውጣት ቫይረስ አይገድልም። በክብሪት ማቃጠልም አይታመንም፤ ጫፉ ይጠቁራል እንጂ ደም የያዘው ጎን ሁሉ እኩል አይግልም።

«እንቀቅለዋለን» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ እኛን ደገኞችን ብቻ የሚመለከት ነገር አለ። ባለቤቴ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው። አማቴ እኛ ጋ ሲመጡ ሁልጊዜ የሚሉት «ምን ዓይነት አገር ነው፣ ባቄላ የማይበስልበት» ነው። እውነታቸውን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፤ እኛ ግን 2,800 ሜትር ላይ ነን፣ የመንዞቹ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ ደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን ባቄላውን በቶሎ አያበስልም። ባቄላ ያላበሰለ ውኃ መርፌ አጸዳልኝ ብላችሁ እንዴት ታምናላችሁ? በመጽሐፍ «20 ደቂቃ ቀቅል» ተብሎ የተጻፈው በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውኃ ነው። በዚያ ላይ እንደ መንጋጋ ቆልፍ ያሉ ጀርሞች ዘር በተራ መፍላት አይሞትም። ስለዚህ ነው ሆስፒታል አውቶክሌቭ የሚጠቀመው፤ እንፋሎቱን በግፊት አፍኖ ወደ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። ቤቱ ወይም ሳሎኑ አውቶክሌቭ ከሌለው አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል። ለጠረጴዛና ለወንበር ደግሞ በረኪና ይበቃል፤ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ፣ ደም የነካውን ቦታ አሥር ደቂቃ ማቆየት። የሚቀላቀለው በየቀኑ ነው፤ የሰነበተ አቅም የለውም።

ለፀጉር ቤት ባለሙያዎች በአጭሩ፤ ቶንዶስም ያቆስላል። ምላጭ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ፣ የቶንዶሱም ምላስ ደም ካየ ሳይጸዳ ወደ ሌላ አንገት አይሂድ።

አንዳንዶቻችሁ ለምን አይከለከልም ትላላችሁ። ኒው ዮርክ ከተማ ሄፓታይተስን ምክንያት አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1961 ንቅሳትን ከልክላ፣ በ1997 ነው መልሳ የፈቀደችው። በእነዚያ 36 ዓመታት ነቃሾቹ በየቤታቸው ተደብቀው ይነቅሱ ነበር። እንደሚታወቀው ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ከንቅሳት ጋር ጎልቶ የተያያዘው ቁጥጥር ባለበት ቤት ሳይሆን፣ በእስር ቤትና በጓደኛ እጅ በሚደረገው ላይ ነው። እኔ መከልከልን አልደግፍም። ሥራው ብርሃን ወዳለበት ቦታ ይምጣ፣ ጤና ጥበቃም ይየው።

ሳይወጉ ማጌጥ ለምትፈልጉ ሙሽሮች ደግሞ እንሶስላ አለላችሁ። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ታስሮ ሲያድር ጠዋት የሚወጣው ቀለም ከየትኛውም ማሽን አያንስም፤ ደም አይነካም፣ ደግሞ ይለቃል። የባልሽ ስም ከሆነ መልቀቁም ጥቅም አለው! (ሳቅ)

ስለ ክትባት ልናገርና ላብቃ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው መርፌ ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ግን፣ ራሳችሁ ሄዳችሁ ካልተከተባችሁ በቀር፣ አልተከተባችሁም። ለአዋቂ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያም በስድስተኛው ወር። መጀመሪያ ግን ተመርመሩ። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ነገር ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ከ100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ሄፓታይተስ ቢም ጉበትን መጉዳት ከጀመረ የሚያስታግስ ኪኒን አለ። ሌላ ሰው የተጠቀመበት መርፌ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የወጋችሁ ካላችሁ ደግሞ ይህን ንግግር አትጨርሱ፣ አሁን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፣ የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያው ሰዓቱ ካለፈ አይሰጥም።

ከአዳራሹ ኋላ፣ በስተቀኝ በኩል፣ ሁለት ባልደረቦቼ መመርመሪያ ይዘው ተቀምጠዋል። ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም ነው የሚወሰደው፤ ውጤቱ በ20 ደቂቃ ይደርሳል፣ የሚነገረውም ለብቻችሁ ነው። የምትወጉበት መርፌ ከማሸጊያው ሲወጣ ዓይናችሁ እያየ ይሁን፤ ካላያችሁ «አልተወጋም» በሉ፣ ማንም አይቆጣችሁም። እናቶች ይቅደሙ፤ ወጣቶች ደግሞ ከኋላቸው ተራ ያዙ።